ለሽማግሌዎች የተነበበው ኢሜይሌ

ውድ ጋሼ ኃይለመስቀል፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ከዚህ በላይ ስለ ራሴ አልጽፍልህም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ። በእጄ የምጽፍልህ ኢሜይል አጥቼ አይደለም። የመሥሪያ ቤታችሁን ኮምፒዩተር ስለማላምነው ነው። ፖስታው ላይ ያለውን ማኅተም አይተህም እንዳትነሳ፤ እዚያ ከተማ አልኖርም፣ በመንገደኛ ነው ያስላክሁት።

መልእክትህ ደርሶኛል። ይፍሩ በዋስ መውጣቱን፣ ልብ መግዛቱን፣ ሽማግሌዎቹ እንደገና ሳሎንህ መቀመጣቸውን ጽፈሃል። እኔ ምስክርነቴን ብተው ነገሩ በዕርቅ ሊያልቅ እንደሚችልም ነግረኸኛል። «አድራሻሽን ላኪልኝና እኔ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ» ብለሃል። ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ወለቴ እጅ አንድ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሆስፒታል ልትጠይቀኝ ስትመጣ መናገር አልቻልኩም ነበር፤ ስለዚህ የዚያን ቀን ነገር ከእኔ አፍ አልሰማኸውም። አሁን ስማው።

ውለታህን ግን አልክድም። ባሌ የነበረው ይፍሩ መንጋጋዬን በሰበረው ሳምንት ከቤቱ አውጥተህ አውቶብስ ያሳፈርከኝ አንተ ነህ። አርባ ምንጭ ሥራ ያፈላለግህልኝ አንተ፣ ኢሜይል ያስተማርከኝም አንተ። ፓስዎርድ ሳወጣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለእኔም ቢሆን» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? የእማማን ስም አታድርጊ፣ የልደት ቀንሽን አታድርጊ፣ ስትጨርሺ መዝጋትሽን አረጋግጪ፤ ምኑን ትተህ! እኔም እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅሁት። ዘግቼው ይሆን ብዬ በዚያ ሙቀት ከመንገድ ወደ ቢሮ የተመለስኩበት ቀን አለ።

በዚያ ኢሜይል የምጽፈው ለአንተ ብቻ ነበር። እንዳታስብ ብዬ ሁሉን ነገር እዘረዝርልሃለሁ። ሲቀላ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ወለቴ የምትባል የጋሞ ሴት ቤት እንደተከራየሁ፣ አማርኛዋ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገ እንደሚያስቀኝ። የፊት በራችን በብረት እንደሚቀረቀር፣ የጓሮው ግን በሽቦ ብቻ እንደሚታሰር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወለቴ ገበያ ስትወጣ ጓሮ ብቻዬን ልብስ እንደማጥብ። «ጓሮው ሙዝ ነው፣ ሰው አያየኝም» ብዬህ ነበር።

ከዚያ ይፍሩ ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣብህ። አውቃለሁ፣ ነጭ ለብሰው ደጅ የቆሙ ትልልቅ ሰዎችን ባዶ እጃቸውን መመለስ በቤታችን ነውር ነው፤ አባታችንም ሽማግሌ መልሶ አያውቅም። «ልጅቷ በሕይወት መኖሯን አሳየንና ልባችን ይረፍ» አሉህ። አንተም ኢሜይሌን አትመህ አነበብክላቸው። የወለቴ አማርኛ ላይ ስትደርስ ሁሉም እንደሳቁ፣ ይፍሩም አብሮ እንደሳቀ፣ አልጋዬ ሥር እያለቀስክ የነገርከኝ አንተው ነህ። ወረቀቱን ሲለምንህም ሰጠኸው። «ናፍቆቱን ይወጣበት ብዬ ነው» አልከኝ። ፓስዎርዱን እንዳላይ ብለህ ፊትህን ያዞርክ ሰውዬ ደብዳቤውን በገዛ እጅህ ሰጠኸው። ጋሼ፣ ይህን እስከ ዛሬ ማመን አቅቶኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ወለቴ ጉልበቷን አሟት ገበያ አልወጣችም፤ ከበቆሎ ዱቄት ለምትቀቅለው ኩርኩፋ የሽፈራው ቅጠል እየሸመጠጠች በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። እኔ ሳፋው ላይ አጎንብሼ የሽቦው መፈታት ተሰማኝ። የወለቴ ዘመድ መስሎኝ ቀና አልኩ። ይፍሩ ነው። በአንድ እጁ ገጀራ፣ በሌላው ያን ወረቀት ይዟል። አጣጥፎ አጣጥፎ ጫፉ ተበልቷል። «ጓሮው ሙዝ ነው፣ ሰው አያየኝም» ብሎ አነበበልኝ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር።

ከዚያ መታኝ። የመጀመሪያው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ አጥንቴ ሲሰነጠቅ በጆሮዬ ሰማሁት። ሁለተኛውን ለአንገቴ ነበር ያነሳው። ወለቴ ጉልበቷን ረስታ «ሰውየው ገደለች! ድረሱ፣ ሰውየው ገደለች!» እያለች መጥታ ገጀራውን በባዶ እጇ ያዘችው። ስለቱን ነው የያዘችው። መንጭቆ ሲያወጣው ጣቶቿ መሬት ወደቁ። አልለቀቀችውም፤ በተረፈው እጇ ሸሚዙ ላይ ተንጠለጠለች። በእርግጫ ሆዷን መትቶ ሳፋው ላይ ጣላት። ውሃው ቀላ፣ ያጠብኩት ልብስ ሁሉ ደም ሆነ።

ጎረቤታችን አባባ ኦይታ ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ። የጋሞ ሽማግሌ ናቸው። ዱላ እንኳ አልያዙም። ከአጥሩ ሥር ለምለም ሳር ነጭተው በሁለት እጃቸው ይዘው በእኔና በእሱ መሃል ተንበረከኩ። እዚህ አገር ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን የሚሻገር የለም፤ ደም የተቃባ ሰው እንኳ መሣሪያውን ጥሎ ይቆማል። «ልጄ፣ በቃ። በዚህ ሳር ይሁንብህ፣ በቃ» አሉት። ይፍሩ ምን እንደያዙ አላወቀም፤ ቢያውቅም ግድ አልነበረውም። ደረታቸውን በጫማው ብሎ ጣላቸውና ሳሩን ረግጦ ወደ እኔ መጣ።

ይህን ሲያዩ ነው አጥሩ ላይ የደረሱት የሰፈሩ ወንዶች የገቡት። በድንጋይም በአጣናም ወረዱበት። ፊቱ ፊት መምሰሉን ተወ። ጥርሱን ሲተፋ አየሁ፣ ክንዱ ወደማይታጠፍበት ሲታጠፍ አየሁ። አዘንኩ ብዬ አልዋሽህም። መሬት ተኝቼ «ጨምሩለት!» እያልኩ ጮኼያለሁ። ያዳኑት አባባ ኦይታ ናቸው። ደረታቸውን ይዘው ተነሱ፣ ሌላ ሳር ነጩ፣ አሁን ደግሞ እሱ ፊት ተንበረከኩ። ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ አልተነሱም፤ አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ባነሳ ቁጥር ሳሩን ብቻ ከፍ ያደርጉለት ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ሳሎንህ ተቀምጦ የሚያለቅሰው ሰው ሕይወቱ የተረፈው በዚያ ሳር ነው። ይቅርታ ከፈለገ መጀመሪያ እዚያ ይሂድ። የወለቴን ደጅ ያውቀዋል፤ ሰፈሩም እሱን ያውቀዋል። ወለቴ አሁን በግራ እጇ ጥጥ መፍተል እየተለማመደች ነው፤ ክሩ እየተበጠሰባት ትሳደባለች።

መልሴ ይኸውልህ። ምስክርነቴን አልተውም፣ አድራሻዬንም አልሰጥህም። ልቀጣህ ፈልጌ አይደለም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። የምፈራህ ደግ ስለሆንክ ነው፤ ፊትህ ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው ካለ በእጅህ ያለውን ሁሉ ትሰጣለህ፣ የሌላ ሰው ቢሆንም። የድሮውን ኢሜይሌን ከመልእክትህ በኋላ ዘግቼዋለሁ። በስሜ ሌላ ቢመጣልህ እኔ አይደለሁምና አትመልስ። ኮምፒዩተራችሁ ላይ በፕላስተር የለጠፋችሁትን የመሥሪያ ቤቱን ፓስዎርድም አንሱት፤ ቡና ይዞ የገባ ሁሉ ያነበዋል።

ይህን ደብዳቤ ለሽማግሌዎቹ እንደምታነብላቸው አውቃለሁ። አንብብላቸው። ያንን አውቄ ነው የጻፍኩት፤ ይፍሩም ቁጭ ብሎ ይስማ፣ የሚይዘው ነገር አያገኝበትም። በዚህ ዓመት በሕይወቴ አንድ ትልቅ ነገር ሆኗል። ብትሰማው በደስታ ታለቅስ ነበር፤ እንደማውቅህ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተህ ትነግር ነበር። ስሙንም ጨምሬ ጽፌልህ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ቀድጄ እሳት ውስጥ ጣልኩትና ደብዳቤውን ያለ እሱ እንደ አዲስ ጻፍኩልህ።

የምትወድህ እህትህ
አገኘሽ