ዘግይቶ የሚከፍተው ጎረቤት

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ ሱቁም አልተዘጋም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ግን ሰው ማመን አቅቶኛል፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ፊት ለፊቴ ያለውን ጎረቤት ታውቂዋለሽ፤ እንደኛው ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የሚሸጠውን። ድሮ ጎህ ሲቀድ ይከፍት የነበረ ሰው፣ እኔ ሱቁን ከያዝኩ ጀምሮ የመጀመሪያ ገበያተኛዬን ሳልሸኝ በሩን አይከፍትም። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ በበሩ ሽንቁር ባይ፣ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወደኔ ሱቅ ያያል! ለማን ምን እንደምሸጥ እየሰለለ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላርፍ አለ። ይህች ሱቅ ከሄደች ልጆቼን ይዤ አንቺ ላይ ከመውደቅ ሌላ ምን አለኝ?

እናም ክፉ ሠራሁ፣ እትዬ። ለልብስ ሰፊዋ፣ የሱ ዚፕ ሁለት ቀን አይቆይም፣ ጥርሱ ይረግፋል አልኳት። እሷ እንደሆነች አፏ የሚያርፈው መርፌ ስትነክስ ብቻ ነው። በሳምንቱ ደንበኞቹ መንገድ ተሻግረው እኔ ዘንድ መጡ፤ የሱ ሱቅ ጭር አለ።

ሰኞ ዕለት፣ ዘግይቶ ስለመክፈቱ ሳማርር ሰፊዋ ሳቀችብኝ። በዚህ ገበያ ሐዘን የገባበት ሱቅ መጀመሪያ ካልሸጠ፣ ያንኑ ዕቃ የሚሸጥ ጎረቤት እስከ ሙት ዓመቱ አይከፍትም አለችኝ። የሱ ሚስት የሞተች ጊዜ ባለቤቴም እንዲሁ አድርጎለት ነበር አሉ። ለኔ ማን ነገረኝ? ቢሆንም አላመንኳትም፤ ማመኑን ፈራሁት መሰለኝ።

በማግስቱ ሰውየው ራሱ መጣ። ዚፖቹ ብልሹ ናቸው ሲባል ሰምቶ ሁሉንም እንደጣላቸው፣ ለሰው መጥፎ ዕቃ መስጠት እንደማይሆንለት ነገረኝ። ከኔ ሁለት ደርዘን ገዛ፤ ሳይከራከርም ከፈለ። ነጋዴ ሆኖ የማይከራከር አይተሽ ታውቂያለሽ? አንድ ነገርማ አለ ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ምንም አላገኘሁበትም።

እትዬ፣ የኔም የሱም ዚፕ የወጣው ከአንድ ካርቶን ነው። ከባለቤቴ ጋር አብረው ገዝተው፣ እዚሁ የኔ ባንኮኒ ላይ ነው እኩል የተካፈሉት። ይህን እሱም ያውቃል፤ ታዲያ ምን ፈልጎ መጣ? ዛሬም እኔ እስክሸጥ ጠብቆ ከፈተ።

ይህን ለማንም አታንብቢ። እግዜር ጤናሽን ይመልስልሽ፣ ቤትሽን ይሙላው፤ እንደኔ ካለ ጎረቤትም ይሰውርሽ።

ታናሽሽ