ለቀበሮዋ የተመረጠው ጥይት

እሑድ፣ ኅዳር 21፣ ሮማ

ዛሬ ኅዳር ጽዮን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቁጭ ማለትም አልቻልኩም።

የማስታምማቸው ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ቀበሮ ሊያድኑ ወጡ። ባሌን ተስፋዬንም ቀበሮዋን ከኋላ እየነዳ ከቁጥቋጦው እንዲያስወጣላቸው ይዘውት ሄዱ። "በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው እንዴት እምቢ ልበላቸው?" አለኝ። ይሄ ይሉኝታው!

ትናንት ሽማግሌው ሁለት ፓኮ ጥይት አሳዩኝ። "ይሄ ጫፉ እርሳስ ነው፤ ሆዷ ውስጥ ይፈነዳና ቆዳዋን ይበጣጥሰዋል። ይሄኛው ግን ጠንካራ ነው፤ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። አሎራ፣ እንግዲህ ለኮት አንገት የሚሆነው ይሄ ነው" አሉኝ።

ከወጣ በኋላስ የት ይሄዳል? ከቀበሮዋ ኋላ ያለው እኮ ተስፋዬ ነው! አፌ ላይ መጣ። ሽማግሌ ማረም መስሎ ታየኝና "ቫ ቤኔ፣ እሺ" ብዬ ዋጥኩት። እኔስ ከሱ በምን እሻላለሁ? እራት እየበሉ ሳለ ግን ጠንካራውን ከቦርሳቸው አውጥቼ ኮመዲኖአቸው ላይ ተውኩና የእርሳሱን ከተትኩ። ቆዳው እንደፈለገ ይበጣጠስ።

ጠዋት ከሄዱ በኋላ አልጋቸውን ላነጥፍ ገባሁ። ኮመዲኖው ላይ አንድ ፓኮ ተቀምጧል። እኔ የከተትኩት፣ የእርሳሱ ነው።

ደጋግሜ እደውላለሁ። ተስፋዬ አያነሳም።