ጎመን የበላ ሥጋ ሻጭ

ጂንካ፣ ሰኔ 3 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እትዬስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔና ልጆቼ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ዝናቡ ጂንካን ጭቃ በጭቃ አድርጓታል፤ ደብዳቤዎን የያዘው የጭነት መኪና ቀይ አፈር ላይ ሁለት ቀን አድሮ ሐሙስ ገባ። ወንድሜ ለምን ራሱ አይጽፍልኝም ብለው ይሆናል። እጁ አይችልም፤ በእኔ ይቀበሉ።

ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እየተነሱ ሽንት እንቢ እንደሚልዎት፣ እንደ ወንድምዎ ሥጋና ቅቤ ከተዉ ወዲህ ግን ቀለል እንዳለዎት ጽፈዋል። ወንድም ጋሼ፣ ቢቆጡኝም ዛሬ አላፍርም፤ እስከ ዛሬ ያፈርነው ይበቃናል።

አምና ኅዳር ላይ አንድ ሐኪም ለጥቂት ቀን ጂንካ መጥቶ ነበር። ወንድምዎ ታይቶ ሲመለስ፣ ጮማና ቅቤ ተው ተባልኩ አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። እኔም ደስ አለኝ፤ ከድስት የመጣ በድስት ይመለሳል ብዬ። ጎመን፣ ዱባ፣ ቲማቲም፣ ቅቤ ያልነካው ሽሮ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ጮማ ሲቆርጥ ውሎ ማታ ጎመን ሲበላ፣ ሥጋው ምን ቢኖርበት ነው ባለቤቱ የማይቀምሰው እያሉ ደንበኞቹ ይስቁበት ነበር። ሲከሳ፣ ጮማው ለቀቀው አልን። ወገቡን ሲያመው፣ የበሬ ታፋ መሸከሙ ነው አልን። ለሁሉም መልስ አላጣንም።

ዘንድሮ ጥር ላይ ጤና ረዳቷን ያለምወርቅን ገበያ አገኘኋትና ስለ ጎመኔ በኩራት አወራኋት። ፊቷ ተለወጠ። ሐኪሙ ሲናገር እዚያው ነበረች። ጮማና ቅቤ የሚያበዙ ወንዶች ለዚህ በሽታ ሳይጋለጡ አይቀሩም የሚሉ አሉ፣ ገና አልተረጋገጠም፣ ቢቀንሱት ግን አይጎዳዎትም ብሎት ነበር። ይህንንም ያለው እግረ መንገዱን ነው። ዋናው ቃሉ፣ ከፊኛ ሥር ያለው ዕጢ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሶዶ ሄደው ይመርመሩ የሚል ነበር። እዚሁም በመቀመጫው በኩል በጣት ሊዳስሰው ቢል ወንድምዎ ሱሪውን ጨብጦ ወጣ።

አምና ታኅሣሥ ሶዶ እርስዎ ዘንድ ሦስት ቀን የሰነበተው ለዚሁ ኖሯል። ሆስፒታሉ ከቤትዎ በእግር ነው፤ አልገባም። ጎመን ሲጠይቅዎት ስቀው አለፉት፤ በምን ይወቁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ግን ደብቆም መድኃኒት ያገኘ መስሎት ነበር፣ እኔ የምቀቅለው። ስለ ምግብ ማውራት አያሳፍርማ። በሐኪም ጣት ከሚነኩት ዕድሜ ልክ ጎመን መብላት ቀለለው።

የካቲት ላይ ጎትቼ አርባ ምንጭ ወሰድኩት። አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፣ ዘግይታችኋል ብለው መለሱን። ለእርስዎ እንዳልጽፍ አስማለኝ።

ያን ሁሉ ሰምቼም ድስቴን ማመን መተው አቃተኝ። ለፋሲካ ሰው ሁሉ ሲፈስክ፣ አንዲት ጉርሻ ጥብስ ለመነኝ። በገዛ እጄ ልግደልህ ወይ ብዬ ከለከልኩት። ልጆቹ ሥጋውን ይዘው ጓዳ ገቡ፤ እሱ ጎመኑን በልቶ እጁን ታጠበ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ሥጋ በአፌ አልዞረም።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ጎመኑን ይብሉ፣ ደግ ነው። ግን ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይግቡ። ሐኪሙ በየትም በኩል ልንካ ቢል እንቢ አይበሉ። የእርስዎ ገና ሽንት ብቻ ነው፣ ወገብዎን አላመመዎትም፤ ወንድምዎም እንዲህ ያለ ጊዜ ነበረው። የምርመራውን ወረቀት ሳይዙ ወደ ጂንካ እንዳይነሱ። እዚህ ከደረሱ በኋላ ስለ ራስዎ የሚያስቡበት ቀን አያገኙም።

ወረቀቱን እንደያዙ ይምጡ። ከመኪና ሲወርዱ ግን በቀጥታ ወደ እኛ ቤት እንዳይመጡ። ጎረቤታችን ባለሱቁ አቶ ዘሩ እሱ ቤት ያሳድርዎታል። ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ እዚያው ይመጣሉ፤ ከእነሱ ጋር ሆነው ይግቡ።

እመቤቴ በመንገድዎ ትቅደም። ለሚሰሙት ሁሉ ጉልበቱን ትስጥዎ።

የወንድምዎ ሚስት