ቄጤማ የለበሰው ወለል

ኮልፌ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ተክለማርያም፣
የምድር ቤት ወለል ሥራ ፈቃድ ክፍል ሹም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ የሞቀ፣ ከእግርዎ በታች ያለውም ወለል እንደ ወትሮው ደረቅ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። እኔ ወልደሰንበት፣ ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ በሕይወት አለሁ፤ ባለቤቴ ዋጋነሽም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አለች። ይህን ደብዳቤ ለሁሉ በግልጽ መጻፌ፣ ከዚህ በፊት አሽጌ የላክኋቸውን አሥራ አንድ ፖስታዎች መቅደድ እጅዎን እንዳያደክም ስለሠጋሁ ነው።

ጉዳዩን ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ ሌላው አንባቢ እንዳይቸገር ግን ባጭሩ ልድገመው። ቤታችን ተዳፋት ላይ የተሠራ ስለሆነ ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣው በአሥራ አራት የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ምድር ቤቱ ግን ጀርባው አፈር ውስጥ ቢገባም በሩ ከመንገዱ እኩል ነው። ዋጋነሽን ሪህ ጉልበቷን ሲይዛት ደረጃውን መውጣት ስላቃታት፣ ከአራት ዓመት በፊት ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ክረምት ሲገባ የዳገቱ ውሃ በኋላው ግድግዳ ሥር ይሰርጋል፤ ወለሉ ይረጥባል፤ ሕመሟም ይብስባታል። ሐኪሙ ደረቅ ወለል ላይ ካልኖረች እግሯ ጨርሶ እንደሚታሰር ነግሮናል። የጠየቅነውም ይህንኑ ብቻ ነው። አፈር ውስጥ ለገባ ክፍል ሁሉ የወለሉን ዓይነት የሚመርጠው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ለመናገሻ ከተማችን ክብር የሚመጥነው ጣውላ ነው ብለው ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። ጣውላው እስከ ሐምሌ ድረስ እጅግ ያምር ነበር። በነሐሴ ግን ውሃ ጠጥቶ አበጠና በሩን ከውስጥ ገትሮ ያዘው፤ ፈጠነ የሚባለው የሰፈራችን ግንበኛ በመጥረቢያ ፈልጦ እስኪያወጣን ድረስ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሰብሪያ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ በመስኮት እያቀበሉን እንደ አዲስ ሙሽሮች ተዘግቶብን ሰነበትን።

፪ኛ/ በዓመቱ የፕላስቲክ ምንጣፍ እንድናነጥፍ ስላዘዙን አመሰግናለሁ። ውሃው ከምንጣፉ ሥር ተጠራቅሞ በረገጥነው ቁጥር ይንቦጫቦጭ ጀመር። አቤት ብንል፣ ውሃው ከምንጣፉ በታች እንጂ በላይ ስላልሆነ ወለሉ ረጥቧል ሊባል አይችልም የሚል መልስ ደረሰን። የደብዳቤው ማኅተም በጣም ግልጽ ነበር። ምንጣፉ ሲሸት አንሥተን ጣልነውና ባዶው መሬት ላይ ቀረን።

፫ኛ/ ፈጠነ ማንበብ አይችልም፤ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ግን ያውቃል። ከኋላ ቦይ ቀዶ፣ ወለሉን ቆፍሮ ድንጋይና ጠጠር ደልድሎ፣ ሬንጅ ቀብቶ በላዩ ሲሚንቶ ቢለስን እንደሚደርቅ፣ ሥራውም ከሳምንት እንደማያልፍ ነገረን። ያለ ፈቃድ ከቆፈረ ግን መሣሪያው እንደሚወረስ ክፍልዎ ስላስጠነቀቀው፣ ፈቃድ ጠየቅን፤ መርማሪ ይላካል ተባለ። በክረምት የኮልፌ ጭቃ መኪናቸውን ስለሚይዝባቸው፣ መርማሪዎችዎ እርጥበትን የሚመረምሩት በጥር ወር ነው። ይህን ብልሃት ላሰበው ሰው ያለኝን አድናቆት ያድርሱልኝ። የሆነው ሆኖ፣ የኋላው ግድግዳ ሥር በጥርም ቢሆን እርጥብ ስለነበር ተስፋ አድርጌ ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ማመን አለብኝ። ባለፈው ጥር እኔ መርማሪውን አቶ ዳኛቸውን ልቀበል ወደ ዋናው መንገድ በሄድኩበት፣ ዋጋነሽ የመንግሥት እንግዳ እንዴት ባዶ መሬት ይረግጣል ብላ በምርኩዟ እየተደገፈች ወንዝ ወርዳለች፤ ከወይዘሮ ሰብሪያ ጋር ቄጤማ ከነሥሩ ነቅላ አምጥታ ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጎዝጉዛዋለች። አቶ ዳኛቸው ሲገቡ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ የቀረበላቸውን ጠላ ጠጡ፣ ባለቤቴን መረቁ። ቄጤማውን ገለጥ አድርገው ከሥሩ እንዲያዩልኝ ብለምናቸው፣ «ለክብሬ የተጎዘጎዘውን ማንሣት ነውር ነው» አሉኝ። በመዝገቡም ላይ «ወለሉ በለምለም ሣር ተሸፍኖ በመልካም ሁኔታ ላይ ስለሚገኝ ማፍረስ አይፈቀድም» ብለው ጻፉ።

እንደ ሄዱ ዋጋነሽን ጮህኩባት። በአርባ ዓመት ትዳራችን እንዲያ ጮኼባት አላውቅም። እሷም እኔ የበታተንኩትን ቄጤማ በምርኩዟ ታስተካክል ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

፬ኛ/ ይግባኝ ብል፣ የሚቀጥለው ምርመራ በመጪው ጥር መሆኑን ስላስታወቁኝ አመሰግናለሁ። ዝናቡ ቀጠሮዎን ሳይሰማ ይኸው ከጀመረ አሥር ቀኑ ነው። ዋጋነሽ ከአልጋዋ መውረድ አቁማለች። ከፈጠነ ጋር ሆነን ተሸክመን ወደ ላይኛው ክፍል እናውጣሽ ብንላት፣ አንድ ጊዜ ከወጣች በእግሯ ወደ ደጅ እንደማትመለስ ስለምታውቅ እምቢ ብላለች። እውነቱን ለመናገር የምትነሣ አይመስለኝም። ከእርስዎም የምጠብቀው የለኝም፤ ዕድሜ ልኬን ደብዳቤ ስጽፍ ስለኖርኩ ዝም ማለት አላውቅበትም እንጂ።

ስብሰባዎ ረጅም፣ ክረምትዎ አጭር፣ ካልሲዎም ዘወትር ደረቅ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከአፈር በታች ካለው ክፍሌ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ከዚህ በላይ ዝቅ ለማለት ግን ቁፋሮ ስለሆነ የእርስዎን ፈቃድ እጠብቃለሁ።

ታዛዥዎ
ወልደሰንበት

ማስታወሻ፦ በመጪው ጥር ለሚመጣው መርማሪ ቄጤማ ስለመጎዝጎዝ አያስቡ። የዚያን ዕለቱ ከነሥሩ ስለነበር፣ ስንጠርግ በግድግዳው ሥር የቀረው ጸድቆ እስከ ዋጋነሽ አልጋ ድረስ በቅሏል፤ ትናንት ብለካው አንድ ስንዝር ሆኗል። ልነቅለው ስል ከለከለችኝ፤ እንግዳው ሲመጣ ወንዝ መውረድ እንደማትችል ታውቃለች።