የጋዲሴ ቀሚስ

ጁባ ላለኸው ወንድሜ ቶሌራ፤

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኔም ልጅህ ጋዲሴም ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። አሶሳ ዝናቡ ገብቷል፤ የተከልከው ማንጎም ዘንድሮ አፈራ።

ጋዲሴ አድጋለች። አዲሱ የዩኒፎርም ቀሚሷ ግን በግራ በኩል እየረዘመ አስቸገረኝ። ልብስ ሰፊውን ተቆጥቼ ሁለቴ አስፈታሁት። እንደገና ስወስድለት ቀሚሱን አጥፎ አሳየኝና «እህቴ፣ እኩል ነው እኮ» አለኝ። አሁን ያንተን ሰፊ ሹራብ ከላይ አለብሳታለሁ። «አባባ አባባ ይሸታል» ብላ አታወልቀውም።

ሥራዬ እዚያው ጤና ጣቢያ ነው፤ ሐኪሞቹ ካርድ ላይ ለጻፉት በሽታ ኮድ እየሰጠሁ ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። «የአከርካሪ መጣመም፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ» የሚል ሲመጣ ካርዱን ይዤ ሄጄ «ዓይነቱን ጻፍልኝ» ብዬ ሐኪሙን እንደምጨቀጭቅ ታውቃለህ። በቀደም የአንዲት ልጅ ካርድ ሲመጣ ግን ዓይነቱን ሳልጠይቅ እንዳለ አስገባሁት።

ቁመቷን በበሩ መቃን ላይ ልለካት ብል እምቢ አለች። «ቀጥ ብዬ የምቆመው ለአባባ ነው» አለችኝ።

ቶሎ ና፣ ወንድሜ። ጌታ በመንገድህ ሁሉ ይቅደምልህ።

እህትህ ብሪቱ