የማይሞቀው የዓሣ ማጨሻ

ጥር 4፣ ሰኞ

ሱብሒ ሰግጄ ደጅ ተቀመጥሁ። ጀሚል ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ወዲያ ወሬ ጠፋ። ረውዳን ካገባና እኛ ቤት ከገባ ጀምሮ ጠዋታችን ይኸው ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል። የእሳተ ገሞራን ሆድ ዕቃ ያውቃል፤ የጓዳው አምፖል ሲቃጠል ግን እኔን ይጠራል። ልጄ ምን አይታ ነው?

ከሰዓት ረውዳ ከሐይቅ ያስመጣችውን ዓሣ ልታጨስ ማጨሻዋን ሰካች። ትንሽ ፍሪጅ የሚያክል ሳጥን ነው። ከታች ማሞቂያው ሬዚስታንስ ይግላል፣ እላዩ ላይ የወይራ ስንጣሪ ይጨሳል፣ ዓሣው ከላይ ርብራቡ ላይ ተኝቶ ይበስላል። ዛሬ መብራቱ በራ፣ ሳጥኑ ግን ቀዝቃዛ። ዓሣው ተኛ እንጂ አልበሰለም።

ቅዳሜ ለጥምቀት እንግዶች ደሴ ላለ ሆቴል ማድረስ አለባት። የመጀመሪያ ትዕዛዟ።

«አባዬ፣ አንተ እያለህ ምን አስጨነቀኝ» አለች።

እውነቷን ነው። ዕድሜ ልኬን የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበርሁ። ነገ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እጨርሰዋለሁ።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሶኬቱ ደህና። ፊውዙ ደህና። እንግዲህ ቴርሞስታቱ ነው። ሙቀት የሚቆጣጠረው እሱ አይደል? ሌላ ማን ይሆናል? ለረውዳ በሙሉ ልብ ነገርኋት።

ጀሚል መጥቶ ከጎኔ ቆመ። «አባባ፣ ሬዚስታንሱ ተበጥሶ ቢሆንስ?»

«መሬት ሲንቀጠቀጥ እጠይቅሃለሁ» አልሁት።

ሳቀ። መሳቁ አበሸቀኝ።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ረውዳ ደሴ ወጥታ አዲስ ቴርሞስታት ይዛ መጣች። ገጠምነው። ገጠምነው ማለት... ጀሚል ገጠመው፣ እኔ አዘዝሁ። ወገቤን አሞኛል ብዬ ነው። ሰካነው። ቀዝቃዛ።

ረውዳ የቴርሞስታቱን ደረሰኝ አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። ከስድብ ይብሳል።

ጎረቤታችን ስመኝ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። «ጋሽ ዘይኑልአቢዲን፣ በስተርጅና ማጨስ ጀመሩ አሉ?»

«ልጀምር ነበር፣ እምቢ አለኝ።»

ዓሣው ከሰኞ ማታ ጀምሮ እሷ ፍሪዘር ውስጥ ነው። ሆቴሉ ደውሎ፣ ቅዳሜ ካልደረሰ ሌላ ሰው እንፈልጋለን ብሏል። ረውዳ ጓዳ ገብታ አለቀሰች መሰለኝ። መሰለኝ ምን ይሉታል? ሰምቻታለሁ።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ሁለቱም ሲወጡልኝ ጠብቄ ብቻዬን ተነሣሁ። ሶኬቱን ነቀልሁ። የጀርባውን ቆርቆሮ ልፈታ ስል ካቻቪቴው ብሎኑ ላይ አልቀመጥ አለ። አንዴ፣ ሁለቴ... ብሎኑ ምን አደረገ? እጄ ነው። ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ካለፈው ረመዳን ወዲህ ነው፤ ለማንም አልተናገርሁም። ለዚህ ማስታወሻ እንኳ ገና ዛሬ ነው የምናገረው። ጽሕፈቴ የተበላሸው በብዕሩ ነው እያልሁ ነበር።

አንዱ ብሎን ተፈትቶ ወደቀ። ልፈልገው ጎንበስ ስል ጀሚል በሩ ላይ ቆሟል። ለካ ጠዋት ክፍለ ጊዜ የለውም።

«መቼ ጀመረዎት አባባ?»

«ምኑ?»

ብሎኑን አነሣና ኪሱ ከተተው። «እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልፍታ። አብሽሩ።»

ነገርሁት፣ ፈታ። ቆርቆሮው ተነሣ። ሬዚስታንሱን በቴስተር እንዲለካ አሳየሁት። አልተበጠሰም! ሁለታችንም ተሳስተናል፣ አልሐምዱሊላህ።

ወደ ሬዚስታንሱ የሚሄደው ሽቦ ግን ጫፉ ጠቁሯል። መጋጠሚያው ላይ የዓሣ ስብ ወርዶበት፣ ላልቶ፣ ተቃጥሎ... ጀሚል ቢነካው ረገፈ። ኤሌክትሪኩ እስከዚያ ድረስ ይመጣል፤ መሻገሪያ የለውም።

ጥር 8፣ ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ሙቀት የሚችል ሽቦና አዲስ መጋጠሚያ ገዝተን ገባን። የጠቆረውን ቆረጠው። ሽቦው እስኪያብረቀርቅ ላጠው። በፒንሳ ጨመቀው።

«ጎትተው። ከላላ ነገም ይቃጠላል።»

ጎተተው። ወይ ፍንክች! ለእሳተ ገሞራ መምህር ጥሩ እጅ አለው።

ሰካነው። ትንሽ ቆይቶ ሬዚስታንሱ ቀላ። ስንጣሪው ጨሰ። ረውዳ እልል አለች። ስመኝ ጢሱን አይታ ቤቱ የተቃጠለ መስሏት ባልዲ ውሃ ይዛ ስትሮጥ መጣች። ደጃፍ ላይ ያዝናት እንጂ ማጨሻውን ልታጠፋልን ነበር።

«ምኑ ኖሯል? ማን አገኘው?» አለች ረውዳ።

«አባባ ናቸዋ» አለ ጀሚል። «እኔ ካቻቪቴ አቀባይ ነበርሁ።»

ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። እኔም አላረምሁትም። እንዲህ የሚዋሽ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ገና ሽማግሌ ሲልክ እወደው ነበር።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ዓሣው ደሴ ደረሰ። ሆቴሉ ለሌላ ሳምንትም አዟል። አንዱን ቀምሼ ነበር፤ ጨው በዝቶበታል። አልተናገርሁም። ሰው ሲደሰት ስለ ጨው አይወራም።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ከዐስር ሶላት በኋላ ደጅ ከጀሚል ጋር ተቀመጥን። አሁን አሁን ወሬ አይጠፋም። ዛሬ ግን ያመጣውን ወሬ አልወደድሁለትም።

«ነገ ደሴ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም።»

«ሽማግሌ ነኝ፣ ሽማግሌ ይንቀጠቀጣል።»

«ሐኪሙ ይበለን። እኔም አብሬዎት ነኝ።»

ድርቅ ያለ ልጅ ነው። እሺ አልሁ። ረውዳ እንዳትደነግጥ፣ ሆቴሉን ልናነጋግር ነው የምንሄደው ልንላት ተስማማን። ውሸቱን እኔ ፈጠርሁት፤ እሱ አሳመረው።

ነገርናት። «ደግ፣ በሰላም ግቡ» አለችና ወተት ይዛልን መጣች። የጀሚል ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልቷል። የእኔ ግማሽ ነው። ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። ወደ ግቢው ዞራ ዶሮዎቹን ታያለች።

ከመቼ ጀምሮ ነው ግማሽ የምትቀዳልኝ?

በሁለት እጄ ይዤ ጠጣሁት። ጠብ አላለም።