ላቲን ያቃታት ልጅህ

ውድ አባዬ፣

ደጋግመህ ደወልክ፤ አላነሳሁም። ድምፅህን ብሰማ አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ ደግሞ «ተይው በቃ» ትለኛለህ፤ ነገሩም ሳይነገር ያልፋል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። የጎረቤታችን የኡሙሰልማ ልጅ ዒምራን ነገ አውቶቡሱን ይዞ ወደ ቆቦ ስለሚመለስ፣ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ለብቻህ ስትሆን አንብበው።

የከበደኝን አስቀድሜ ልንገርህ። ሰሞኑን ወደ ቤት የመጣሁት ለዕረፍት አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ ተሰናብቼ ነው። ላቲን ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቱንም ጊዜ ወደቅኩ፤ ከዚያ በኋላ ደንቡ አያስቀጥልም። ይህን መናኸሪያ እንደወረድኩ ልነግርህ ይገባ ነበር። አንተ ግን ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብለህ፣ መንገድ ላይ ላገኘኸው ሰው ሁሉ «ልጄ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ነው» እያልክ ስትሄድ፣ ከኋላህ መሬት መሬት እያየሁ ተከተልኩህ።

ያኔ ትምህርቱን ስጀምር «ላቲን ደግሞ ለምንሽ ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። የድሮ ፈረንጅ ሊቃውንት የግዕዝ መጻሕፍትን ሲያሳትሙ ትርጉሙንና ማብራሪያውን በላቲን ነው የጻፉት፤ ግዕዝ አጠናለሁ የሚል ሰው እሱንም ማንበብ አለበት ስልህ ሳቅክ። «ቋንቋ መቼ ከብዶሽ ያውቃል?» አልከኝ። እኔም አመንኩህ።

እውነትም ከብዶኝ አያውቅም ነበር። ትግርኛውን ከአላማጣና ከዋጃ ሽንኩርትህን ሊገዙ ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር ስትከራከር ከጎንህ ቆሜ ለቀምኩት። ኦሮምኛ ቃላት የሰማሁት ከኡሙሰልማ አፍ ነው፤ ስትቆጣኝም ስታባብለኝም። ግመል ይዘው የሚመጡት አፋሮች ስሳሳት ይስቁብኛል፤ ስቀው ሲያበቁ ያርሙኛል፤ በማግስቱ አልሳሳትም። ግዕዙም ቢሆን ማንም አይነጋገርበትም ይባል እንጂ እኔ በድምፅህ ነው የማውቀው። ድቁና በተማርክበት ዜማ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ እንኳ ቃሉ የሚነሳበትንና የሚወድቅበትን አውቅ ነበር።

ላቲንን ግን ማንም ሲቆጣበት፣ ማንም ልጅ ሲያባብልበት ሰምቼ አላውቅም። ወረቀት ላይ ነው ያገኘሁት። «ልጅ» የሚለው ቃል ልጁ ሌላውን ሲጠራ አንድ መልክ አለው፣ ሌላው እሱን ሲጠራው ሌላ መልክ፤ የልጁ፣ ለልጁ፣ ከልጁ ሲሆን ደግሞ ጫፉ እንደገና ይቀየራል። ይህ ባልከፋ። ስሞቹ በአምስት ቤት ይከፈላሉ፤ በአንዱ ቤት «የ» የሆነው ጫፍ በሌላው ቤት ብዙ ቁጥር ሆኖ ይመጣል። ቅጽሉ እዚህ ተቀምጦ የሚገልጸው ስም ሦስት አራት ቃል አልፎ ወዲያ ማዶ ይገኛል። እያንዳንዱን ለብቻው በቃሌ እይዘዋለሁ፤ አንድ ላይ ሲመጡ ይበተኑብኛል።

አስተማሪያችን መምህር አያሌው ይባላሉ፤ በልጅነታቸው ካቶሊኮች ዘንድ ላቲን የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን «ልጁን» የሚለውን ከፊት አስቀድመው በላቲን ዓረፍተ ነገር ጻፉና ተርጉሚ አሉኝ። «ልጁ ውሻውን ነከሰው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«በአማርኛ ‹ልጁን ውሻው ነከሰው› ቢሉሽ ማን ነከሰ ትያለሽ?» አሉኝ።

«ውሻው።»

«በምን አወቅሽ?»

«‹ን› ልጁ ላይ ስላለች።»

«እዚህም ‹ን›ዋን ፈልጊያት፤ ሌላ አይደለም።»

ገባኝ አባዬ። ግን የተማሪዎቹ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። የአፋሮቹ ሳቅ አስተምሮኝ ነበር፤ ይሄኛው አፌን ዘጋው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልገባኝን አልጠየቅኩም። ልጅ ሳለሁ በመሳሳት አላፍርም ነበር፤ ጎበዝ ከተባልኩ በኋላ ማፈር ለመድኩ። ፈተናው ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት የማያውቁኝ ሰዎች መሰሉ።

የእሑዱን ነገር አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን ያየኸው አንተ ከቆምክበት ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ደወል መስቀያ ግንድ ምስጥ በልቶት ደወሉን አውርደውት ነበር። ወጣቶቹ በሎሚና በአሸዋ ሲፈትጉት ዙሪያውን የፈረንጅ ፊደል ወጣ። በጣሊያን ጊዜ መጣ ከማለት በቀር ታሪኩን የሚያውቅ የለም። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር አቶ ሙላው ለእንግሊዝኛ አስተማሪው ቢያሳዩት «ላቲን ሳይሆን አይቀርም» አላቸው። ይህን ስትሰማ ደስታህን አልቻልከውም። ቅዳሴ እንዳለቀ እጄን ይዘህ ሕዝቡ መሀል አስገባኸኝ። «ይኸው፤ እሷ ታነበዋለች» አልክ።

ደወሉ አጠገብ ተንበረከክሁ። ከሁሉም ቀርበው የቆሙት እትዬ ተናኜ ነበሩ። ልጃቸው ወደ ጦርነቱ ሄዶ ከቀረ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ እንደማይጠፉ ታውቃለህ። «እስኪ ንገሪን ልጄ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ምን እንደሚል ሳላውቅ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቃል «ማቴር» ነው፤ እናት ማለት እንደሆነ አወቅኩ። የቀረው ዓይኔ ላይ ተምታታ። «እመቤታችንን ነው የሚያወድሰው» ብል ሕዝቡ እልል ይል ነበር፤ የሚያጣራም የለም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር አባዬ፤ ይህንንም እወቅልኝ። ቀና ስል ፊትህን አየሁት። ገና ሳልናገር አምነኸኛል። ያን ፊት እያየሁ መዋሸት አቃተኝ።

«አላውቀውም» አልኩ። «ማንበብ አልችልም።»

አቶ ሙላው «ታዲያ እዚያ ምን ስትማር ከረመች?» አሉ። በክፋት አልነበረም፤ ገርሟቸው ነው። አንተ ግን ነጠላህን አስተካክለህ «ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷ አነባለሁ አላለችም፤ ጎትቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለህ ለሕዝቡ ጎንበስ አልክ።

አንተ ሰው ፊት ስትጎነበስ አይቼ አላውቅም ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ «ፀሐዩ በርትቷል፤ ነጠላሽን ራስሽ ላይ ጣይው» ብቻ አልከኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ተጀመረ ብዬህ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ መምህር አያሌው ቤት ሄድኩ። ደወሉን በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር፤ አንብበው እንዲነግሩኝ ነው የፈለግሁት። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ስልኩን መለሱልኝ።

«ይህን ታውቂዋለሽ።»

«አላውቀውም መምህር።»

«ተሳሳቺ እንጂ። እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

ተሳሳትኩ። ደግሜ ተሳሳትኩ። «ዴዲት» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ሰጠ የሚለው ግስ መልኩን ቀይሮ አልለይልኝ አለ። «በግዕዝ ወሀበ ብለሽ ይሁብ ስትዪ ‹ወ› የት ሄደች? እሷ ስትጠፋ ደንግጠሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ሳቅኩ። ላቲን ይዤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በኋላ ቃላቱ ቀስ እያሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

«ማቴር ሜ ዴዲት ፕሮ ፊሊዮ ኲ ኖን ሬዲኢት» ይላል። «እናት፣ ስላልተመለሰው ልጇ ሰጠችኝ» ማለት ነው። የሚናገረው ደወሉ ነው።

አባዬ፣ ሁሉም የመጀመሪያው ዓመት ቃላት ናቸው። አልዋሽህም፣ ላቲን ከባድ ነው፤ እስከ ዛሬ ከቀመስኳቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይከብዳል። ግን እሑድ ዕለት አፌን የያዘኝ ላቲኑ ብቻ አልነበረም።

ያቺ እናት ማን እንደነበረች፣ ልጇ የት እንደቀረ መምህርም አላወቁም። እኛን ሊወጋ መጥቶ የቀረ ይሆናል። እትዬ ተናኜ ሲሰሙ ይከፋቸው ወይም ያለቅሱ እንደሆነ አላውቅም። ነገር ግን ጠይቀውኛል። ስለዚህ ከማንም በፊት ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አሁን እዚያው ለመኖር ነው። እስከዚያ ሰው ስለ ትምህርቴ ቢጠይቅህ አልጨረሰችም በላቸው፤ እኔን ብለህ አትሸፍን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት አነበዋለሁ። ይቅርታውንም ራሴ እጠይቃለሁ፤ በኔ ዕዳ የጎነበስከው አንተ ነህ። ሰው ፊት መቆም ከከበደህ ቤት ብትቀር አልቀየምህም። ከመጣህ ግን ስለ እኔ ምንም አትናገር። ከጎኔ ቁምልኝ ብቻ።

ልጅህ ሔራን